ሳፋ የያዘ አይግባ

ሰፈሩ ኖንግ፣ ጋሼ እንደ ማለት፣ የሚለውን ባንዶን ድሮ አውራ ዶሮ ነበር የሚቀሰቅሰው፤ አሁን አውራ ዶሮውን የሚቀሰቅሰው እሱ ሆኗል። ሃያ ስድስት ቀን ሙሉ እንቅልፍ የሚባል ነገር በዓይኑ አልዞረም። ይገላበጣል፣ ይነሳል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በመስኮት ባሕሩን ያያል፣ ተመልሶ ይጋደማል፣ ደግሞ ይነሳል።

«አንተ ሰው፣ አልጋው እሾህ አበቀለ እንዴ?» አለችው ሚስቱ ቴንሲንግ፣ ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀቱ በእኔ በኩል መንገዱ ጠፋው?»

ሙቀት አልነበረም። ሲበላው የሰነበተው ነገር ሌላ ነው፤ እሱንም ያመጣው በገዛ እጁ ነው። ቴንሲንግ ተነስታ ኩራዝ በምታህል አምፖል ሳፋዎቿን ስትፈልግ፣ እሱ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ሰማያዊ የሾፌር ሸሚዙን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ንጹሕ ሸሚዝ ነው፣ የተተኮሰ። ሊለብሰው አስጠላው።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ከባሕሩ ዳር እስከ ትልቁ ገበያ ባለው መንገድ ላይ ጂፕኒ የሚባሉ አሥራ አምስት ባለ ናፍጣ ታክሲዎች አርባ ዓመት ተመላልሰዋል። ጭሳቸው የቤተ ክርስቲያኑን ነጭ ግድግዳ አጥቁሮት፣ ቄሱ በየዓመቱ ለበዓሉ ሲያስቀቡት ኖረዋል። መንገዱ ዳር ያደገ ልጅ ሁሉ ደረቱ ያፏጫል። ከዚያ መንግሥት መጣና ቁርጡን ተናገረ፤ ወይ ማኅበር አቋቁማችሁ በኤሌክትሪክ መኪና ትሠራላችሁ፣ ወይ መስመሩ ለትልቅ ኩባንያ ይሰጣል። አንድ ሲጋራ እንኳ ሳይጣሉ መካፈል የማይችሉ አሥራ አምስት ሾፌሮች፣ ሲቸግራቸው ማኅበር ሆኑ። ጂፕኒዎቹን ለብረት ሰባሪ ሰጡ፤ ባንዶ የእሱን ሲወስዱበት ጓሮ ገብቶ እንደ ሕፃን አለቀሰ፣ ወጥቶ ደግሞ ጉንፋን ይዞኛል አለ። ስምንት ነጫጭ መኪኖች መጡ። የመናኸሪያው ጣሪያ ላይ የፀሐይ ሰሌዳ ተደረደረ። ለአንድ ወር ሊፈተኑ ነው፤ በሰዓቱ መነሳት፣ በሰዓቱ መድረስ፣ በማቆሚያው ብቻ ማቆም። ከመሥሪያ ቤቱ የምትላክ ተቆጣጣሪ ሳትናገር ትሳፈራለች። ካለፉ መስመሩ የእነሱ ነው። ከወደቁ አሥራ አምስት ቤተሰብ ጾሙን ያድራል።

ወሩ ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ማኅበሩ ተሰበሰበ።

«እንግዲህ ወንድሞቼ፣» አለ ሊቀ መንበሩ ኖንግ ኤሊሴዮ፣ በጋዜጣ ፊቱን እያራገበ፣ «ዓይናቸው እኛ ላይ ነው። እንከን እንዳያወጡብን ምን እናድርግ?»

አንዱ ፀጉር እንቆረጥ አለ። ሌላው ሲጋራ ይቅር ቢል፣ በጩኸት አስቀመጡት። ያን ጊዜ ነው ባንዶ እጁን ያነሳው። የመኪኖቹ ምርቃት ዕለት፣ ከከተማ የመጣ ነጭ ሸሚዝ የለበሰ እንግዳ ከጎኑ ተቀምጦ ነበር። እንግዳው ክፉ ቃል አልተናገረም፤ ዝም ብሎ መሐረቡን አወጣና አፍንጫው ላይ አደረገ። ባንዶ ታጥቦ፣ ሸሚዝ ቀይሮ ነበር የሄደው። ክርኑን ቀስ ብሎ አሸተተ። ዓሣ። ሃያ ሁለት ዓመት የሚስቱን ዓሣ የጫነ ሰው ቆዳው ውስጥ የገባ ዓሣ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

«ሳፋ የያዘ አይግባ» አለ። «ዓሣ ይሸታል። መኪናው አዲስ ነው፣ ያሳፍረናል።»

ሁሉም ዞረው አዩት። ከአሥራ አምስቱ መካከል ሚስቱ ዓሣ የምትሸጥ እሱ ብቻ ነው።

«ቴንሲንግስ?» አለ ኤሊሴዮ።

«እሷን ለእኔ ተዉልኝ። ትረዳኛለች።»

አሥራ አምስት እጅ ወጣ። አጨበጨቡለት፤ እንዲያውም አንዱ «የሠለጠነ ሰው!» ብሎ ጀርባውን መታ መታ አደረገው፣ እሱም ደረቱን ነፋ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት ይኸው ነው። ቤቱ ሲደርስ ግን ቴንሲንግ ሩዝ አቅርባ፣ የዓሣውን እሾህ እየለቀመችለት ስታየው ወኔው ከዳው።

«ከእንግዲህ ዓሣ መጫን ክልክል ነው» አላት። «ከላይ የመጣ መመሪያ ነው።»

«ከላይ ማለት?»

«ከላይ ነዋ! ከመሥሪያ ቤቱ።»

ይቺን «ከላይ» የምትባል ቃል የፈለሰፋት ሰው ስንቱን ወንድ ከጉድ አውጥቷል መሰላችሁ። ቴንሲንግ አመነችው። ለምን አታምነው? ሃያ ሁለት ዓመት ዋሽቷት አያውቅም።

አዲሶቹን መኪኖች ደግሞ ከእሷ በላይ የወደዳቸው አልነበረም። ደረታቸው ከሚያፏጭ ሰዎች አንዷ ናት። የመጀመሪያው ቀን መኪናው ሲያልፍ ቆማ ሳቀችና «አየኸው? እንደ ድመት ነው የሚሄደው» አለችው። ክፉውን ያየችው ከዚያ በኋላ ነው። ድሮ ንጋት ላይ ከጀልባዎቹ ዓሣ ገዝታ፣ ከሉርዲንግና ከሌሎች ሦስት ጓደኞቿ ጋር ሳፋቸውን የባንዶ ጂፕኒ ውስጥ ይደረድሩ ነበር። ውሃው በወለሉ ሲንቆረቆር «እግራችሁን አንሱ፣ ባሕሩ መጣ!» ብላ የምትጮኸው እሷ ናት፤ ተሳፋሪውም እየሳቀ እግሩን ያነሳል። አሁን ጋሪ የተቀጠለበት ሞተር ሳይክል መለመን ሆነ። ባለ ሞተሩ በአንድ ጊዜ ሁለት ሳፋ ብቻ ይጭናል፣ ሲደርሱ ደህናው ደንበኛ ገዝቶ ሄዷል፣ በረዶው ቀልጧል። በሁለት ሳምንት ውስጥ አንዷ ጓደኛቸው ዓሣውን ትታ የሰው ልብስ አጣቢ ሆነች።

ቴንሲንግ ቁጭ ብላ የምታለቅስ ሴት አይደለችም። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ባንዶ ከሥራ ሲመለስ ጠረጴዛው ላይ ወረቀት ዘርግታ ጠበቀችው።

«ሰኞ መሥሪያ ቤቱ ልንሄድ ነው» አለችው። «አርባ አንድ ፊርማ ሰብስበናል። ስማ፣ ላንብብልህ።»

«ደክሞኛል፣ ቴንሲንግ።»

«ጆሮህም ደክሞታል? ስማ። ‹ጭሱን አጥፍታችሁልናል፣ ደግ አድርጋችኋል። እኛን ግን አብራችሁ ለምን አጠፋችሁን? ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ዓሣ በልቶ አያውቅም ወይ?› ሉርዲንግ ደግሞ ‹እናቱ ሽቶ ውስጥ ነው ወይ የወለደችው› ብለሽ ጨምሪ ብላኝ ነበር፣ እኔ ነኝ የተውኩት።»

«ደግ አደረግሽ።»

«የምን ደግ! ለሰኞ በአፌ እነግረዋለሁ፣ ይሄን ሰውዬ ባገኘው።» እስክሪብቶውን ገፋችለት። «በል ፈርም። የመጀመሪያው ያንተ መሆን ነበረበት፣ ይኸው አርባ ሁለተኛ ሆንክ።»

ምን ያድርግ? እውነቱን ሊናገር አፉን ከፈተ። ተመልሶ ዘጋው። በራሱ ላይ የተጻፈውን ክስ ፈረመ። ቴንሲንግ ራሱን ሳም አደረገችውና ሩዝ ልትጥድ ሄደች። እሱ ከወንበሩ ተነሳ፣ ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ውጭ ወጣ፣ በባሕሩ ዳር እስከ ጀልባዎቹ ሄዶ ተመለሰ። ለሰኞ አራት ቀን ቀርቶታል። እሁድ እነግራታለሁ አለ ለራሱ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ።

ዓርብ ንጋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ መናኸሪያው ውስጥ ገና መሪውን ሲጨብጥ፣ ኤሊሴዮ ተራ ከሚያስከብርበት በርሜል አጠገብ ሆኖ ከንፈሩን ወደ መኪናው ኋላ አሞጠሞጠ። ተቆጣጣሪዋ መጣች ማለቱ ነው። ባለ መነጽር ሴት ዣንጥላዋን አጥፋ ልክ ከባንዶ ጀርባ ተቀመጠች፤ ማስታወሻዋንም ከፈተች።

«እንደምን አደሩ፣ ማም» አለ ባንዶ።

«ሰዓትዎን ይመልከቱ፣ ኖንግ» አለችው ለስለስ ብላ። ከመነሻው ሰዓት ግማሽ ደቂቃ ቀርቶ ነበር።

በሰዓቱ ተነሳ። የመጀመሪያው ማቆሚያ ላይ በሰዓቱ ደረሰ። ሁለተኛው ላይም። ሐኪም ቤት የሚሄድ ሽማግሌ፣ ልጆቿን ይዛ የተሳፈረች እናት፣ ዳቦ የያዙ ተማሪዎች፤ ሁሉም በሥርዓት ገቡ። ባንዶ ዛሬን ከወጣን አለፍን ማለት ነው ብሎ ማሰብ ጀመረ።

ሦስተኛው ማቆሚያ ጸሎት ቤቱ ጋ ነው። ከሩቅ አያቸው። አራት ሴቶች፣ ስድስት ሳፋ። የባለ ሞተሩ ጎማ ፈንድቶ አንድ ሰዓት ሙሉ ሲጠብቁት፣ ዓሣው እየሞቀ፣ መጨረሻ ላይ ቴንሲንግ ‹ምን ይመጣል፣ ቢበዛ እምቢ ይሉናል› ብላ ሁሉንም ወደ ማቆሚያው አምጥታቸዋለች። ፊት ቆማለች። እጇን ዘርግታለች።

ባንዶ በጀርባው የእስክሪብቶ ድምፅ ሰማ። ሌላ ነገር አላሰበም፣ ቢያስብ ኖሮ ይቆም ነበር። ያቺ መሐረብ መጣችበት። እግሩን ከመርገጫው አላነሳም።

የድሮው ጂፕኒ ቢሆን ሞተሩ ያደነቁረው ነበር። ይሄኛው ግን ድምፅ የለውም፤ ሲያልፋት ጥርት አድርጎ ሰማት።

«ባንዶ! ኧረ ባንዶ!»

መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ ሰማ።

«ለምን አላቆሙም?» አለች ተቆጣጣሪዋ።

«ዓሣ ይዘዋል፣ ማም። ዓሣ አንጭንም።»

«ለምን?»

«ደንብ ነዋ።»

«የማን ደንብ?»

ሽማግሌው ከኋላ «እንዴ፣ ሚስቱ እኮ ናት!» አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም።

«የእኛ ደንብ፣» አለች ሴትዮዋ ማስታወሻዋን ወደ ፊት እየገለጠች፣ «በማቆሚያ ላይ እጁን የዘረጋ ሰው ይሳፈራል ነው የሚለው። ዕቃው ሰው እስካልጎዳ ድረስ። ትቶ ማለፍ ጥፋት ነው፣ ጽፌዋለሁ። ስለ ዓሣ የተባለ ነገር የለም፣ ኖንግ። ዓሣ አጥማጆች ሰፈር መኪና አምጥተን ዓሣ እንከለክላለን?»

ይሄን ጊዜ ባንዶ መኪናውን ጥግ አስይዞ አቆመ። በሩን ከፈተ።

«የት ነው?» አለች እናቲቱ። «ልጆቹ ይረፍድባቸዋል እኮ!»

«አሁን መጣሁ። ይቅርታ። አሁን መጣሁ» እያለ ሮጠ። ስድሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት የቀረው ሰው፣ በተተኮሰ ሰማያዊ ሸሚዝ፣ ሦስት መቶ እርምጃ ወደ ኋላ ሮጠ። ደርሶ አንድ ቃል ሳይናገር ትልቁን ሳፋ አንስቶ ትከሻው ላይ አደረገ፤ የዓሣው ውሃ በአንገቱ ገብቶ እስከ ቀበቶው ወረደ።

«ተፈቀደ?» አለች ቴንሲንግ። ፊቷ በራ። «ባንዶ፣ ተፈቀደልን እንዴ?»

«ነይ ግቢ።»

«አላልኳችሁም!» አለች ለጓደኞቿ። «በዓይናቸው ሲያዩን ይራራሉ አላልኳችሁም!»

እየሳቁ ተከተሉት። ተማሪዎቹ ወርደው ሳፋዎቹን ተቀበሉ፤ ጠጋ ጠጋ ተባለ፤ ሽማግሌው እግሩን ሰብስቦ «እኔስ ናፍቆኝ ነበር» አለ። ባንዶ መሪው ላይ ሆኖ ሰዓቱን አየ፤ ሰባት ደቂቃ አልፏል። ቶሎ ልንቀሳቀስ አለ። ቴንሲንግ ግን ገና አልተቀመጠችም። ማስታወሻ የያዘችው ተቆጣጣሪ ፊት ቆማ እጇን በቀሚሷ ጠረገች።

«ማም፣ እግዜር ይስጥልን» አለቻት። «ሰኞ ልንመጣ ነበር፣ ፊርማ ሰብስበን ነበር። ይሄ ያወጣችሁት ደንብ እንጀራችንን ነው የዘጋው፣ ዛሬ ስላሳለፉን ግን...»

«እኛ አላወጣንም፣ እትዬ።»

«አላወጣችሁም?»

«እኔም አሁን ነው የሰማሁት።»

ቴንሲንግ ፈገግታዋ ፊቷ ላይ እንዳለ ቀረ። ሉርዲንግን አየች። ሽማግሌውን አየች። ሽማግሌው በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረ። ከዚያ ወደ ባሏ ጀርባ ዞረች።

«ማን ነው ታዲያ ያወጣው?»

ያ የተረገመ መኪና ደግሞ ቆሞ እንኳ አይንኮሻኮሽም፣ ሰው የሚደበቅበት ድምፅ የለውም።

«እኔ ነኝ» አለ ባንዶ። አልዞረም።

«አንተ?»

«እጄን ያነሳሁት እኔ ነኝ። ሌሎቹ ተከተሉኝ።»

«ማን ጠየቀህ?»

«ማንም።»

«ማንም ሳይጠይቅህ?»

«ማንም ሳይጠይቀኝ፣ ቴንሲንግ።»

ሉርዲንግ አፏን ልትከፍት ስትል ቴንሲንግ ክንዷን ያዘቻት። አልጮኸችም። ቢሆንለት መሳደቧን፣ ሳፋውን በራሱ ላይ መድፋቷን በመረጠ ነበር። እሷ ግን ከኋላ ጥግ ሄዳ ተቀመጠችና፣ ሳፋዋን በሁለት እጇ ስባ ወደ እግሮቿ አስጠጋችው፣ ማንንም እንዳይነካ። ገበያ እስኪደርሱ እንዲያ ይዛው ሄደች።

እሁድ ማኅበሩ ሲሰበሰብ ባንዶ እጁን አነሳ።

«የሠለጠነው ሰውዬ ደግሞ ዛሬ ምን ይዞ መጣ?» አለ ኤሊሴዮ። ዓርብ በሰባት ደቂቃ የዘገየውን ጉዞ ሰምቶ ሁለት ቀን ደሙ ፈልቶ ነበር። «ያንተ ነገር ብቻ ነበር የቀረን!»

«ደንቡ ይሻር» አለ ባንዶ። «ያወጣሁት አፍሬ ነው። የዓሣ ሰፈር ሰዎች ሆነን በዓሣ ስናፍር ምን ልንሆን ነው? ንጹሕ መኪና ያመጣነው ለማን ነው? የአንዱን መኪና የኋላ ወንበር እናንሳ፣ ውሃ የማያስወጣ የጎማ ክዳን ለሳፋዎቹ እናሠራ፣ የንጋቱ የመጀመሪያ ጉዞ የእነሱ ይሁን። ወለሉን እኔ አጥባለሁ።»

ተከራከሩ፣ ተሰዳደቡ፣ ኤሊሴዮ ጋዜጣውን ወረወረ፣ መልሶ አነሳው። በመጨረሻ እጅ ወጣ። የሚገርመው ደግሞ ፈተናውን አለፉ፤ ለጥቂት ቢሆንም አለፉ። ተቆጣጣሪዋ ከጥፋቱ ሥር «የዘገየው ተመልሶ ተሳፋሪ ለመጫን ነው» ብላ ጽፋ ነበር አሉ። ልብስ ወደ ማጠብ የሄደችውም ሴት ወደ ዓሣዋ ተመለሰች። ሰፈሩ ሁሉ ‹ተመስገን፣ ጥሩ ሆነ› አለ። እውነቱን ነው፣ ጥሩ ሆነ።

ቴንሲንግም በንጋቱ ጉዞ ትሳፈራለች። ሳፋዋን ከድና፣ ሒሳቧን ከፍላ፣ ከኋላ ትቀመጣለች። ቤት ውስጥም ኩርፊያ የለም፤ ታናግረዋለች፣ ስለ ልጆቹ ታወራለታለች፣ ሩዙን ከድሮው ሰዓት ዝንፍ አታደርግም። ባንዶ ግን ዛሬም እንቅልፍ የለውም።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ከሥራ ሲገባ ጓሮ ቧንቧው አጠገብ ቁጢጥ ብላ አገኛት። ትንንሽ ሎሚዎች ለሁለት ለሁለት ቆርጣ ድንጋይ ላይ ደርድራለች። እጇን ታሻለች፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ፣ የጥፍሯን ሥር፣ እስከ ክርኗ። ቆዳዋ ቀልቶ አንዳንድ ቦታ ተሰነጣጥቋል። ሃያ ሁለት ዓመት በውሃና በሳሙና ለቅለቅ አድርጋ ነበር ማዕድ የምታቀርብለት።

«ምን ሆነሽ ነው? ተይው እንጂ» አላት፣ አጠገቧ ቁጢጥ ብሎ። «በቃ፣ ጠርቷል። ቆዳሽን ልትልጪው ነው?»

ቴንሲንግ እጇን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች።

«ገና ይሸታል» አለችና ሌላ ሎሚ ቆረጠች።